ስለ ሞተር ዘይት ፓምፕ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሰላም የጅማና የአካባቢዋ ሰዎች። ዛሬ እሑድ ነው፣ ጋራዡ ዝግ ነው፣ ቡናውም ተፈልቷል። ስለ ዘይት ፓምፕ የከበዳችሁን ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ «ፓምፑ ሞቷል» ተብለው ከሚመጡልኝ መኪኖች የአብዛኞቹ ፓምፕ ደህና ነው።

ጋሼ ሰላም። ትንሽ ቶዮታ አለኝ። ከአዲስ አበባ ስመጣ ጊቤን ወጥቼ ጅማ እስክገባ ምንም የለም። አጂፕ ጋ ቆሜ ሰው ሳወርድ ግን የዘይቷ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ነዳጅ ስረግጥ ትጠፋለች። ፓምፕ ቀይር ተባልኩ።

ቆይ፣ አትቸኩል። ፓምፑ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት አይሠራም። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በኮሎው (በሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) እና በብሮንዙ (ዘንጉ በሚዞርበት ማረፊያ) መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። የውኃ ጎማ ጫፍን በአውራ ጣትህ ስትይዘው ውኃው ርቆ ይረጫል፤ ጣትህን ስታነሳ የሚመጣው ውኃ ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን የለም። ብሮንዙ ተበልቶ ክፍተቱ ከሰፋ፣ አዲስ ፓምፕ ብትገጥምም ጣቱ እንደተነሳ ነው።

ከጊቤ በረሃ ሽቅብ በከባድ ማርሽ ስትወጣ ደግሞ ዘይቱ ግሎ ይቀጥናል። ደርሰህ ስትቆም ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ፣ ስለሚሠራ ፓምፑም ዝግ ብሎ ይዞራል። መብራቷ ያኔ ብቅ ማለቷ አይገርምም። በመጀመሪያ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመህ የዘይቱን ልኬት እይ። ቀጥሎ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረና ምን ዓይነት እንደሆነ አስታውስ። ከዚያ የዘይቱን ግፊት አይታ መብራቷን የምታበራውን ቡልቦ ጠርጥር፤ ርካሽ ናት፣ ትዋሻለች። እውነቱን የምታውቀው ግን ቡልቦዋን አስወጥተህ በቦታዋ የግፊት ጌጅ ስታስገጥም ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ጌጁ የሚያሳየውን የመኪናህ መጽሐፍ ከሚለው ጋር አመሳክር። ጌጅ ሳያስገጥም ፓምፕ ቀይር የሚልህን መካኒክ አመስግነህ ሂድ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መብራቷ እየነዳህ በርታ ካልጠፋች ዳር ያዝና ወዲያው አጥፋ። «ጋራዥ ድረስ ብቻ» ያለ ሰው ሞተሩን አስወርዷል።

አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። በቡና ሰሞን ከጌራ ጭኜ ስመለስ ድንጋይ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ) መታው። ዘይት አላፈሰሰም፣ ልኬቱም ሙሉ ነው። ግን ነዳጅ ስሰጥ መብራት ይበራል፣ በሚኒሞ ይጠፋል።

ወአለይኩም ሰላም። ያንተ የላይኛው ወንድማችን ግልባጭ ነው፣ ስላስተዋልከው ጎበዝ። ኮፓው ውስጥ፣ ከወለሉ ጥቂት ብቻ ከፍ ብላ የተንጠለጠለች ወንፊት አለች፤ ፓምፑ የሚጠጣው በእሷ በኩል ነው። ኮፓው ወደ ውስጥ ከተጎደጎደ አፏን ይዘጋባታል። ፓምፑ ቀስ ሲል የሚበቃውን ያገኛል፣ ሲፈጥን ይጠማል።

መኪናዋን አታስነሳት። ኮፓው ይውረድና ይቃና፣ ወንፊቷም ተሰንጥቃ እንደሆነ ትታይ። ሲገጠም ደግሞ ቆመህ ተመልከት፦ ሲሊኮን በብዛት የሚቀቡ አሉ። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ መድረሻው ያቺው ወንፊት ናት። አንዴ ከወንፊት ላይ ቀይ ሲሊኮን እንደ ማስቲካ እየጎተትኩ አውጥቻለሁ።

ዘይት ስቀይር ሞተሩን በናፍጣ ልጠበው ወይ?

አይሆንም። ናፍጣ የደረቀውን ጭቃ ከግድግዳው ያላቅቀዋል፣ የተላቀቀው ወንፊቷን ይደፍናል። ሁሉም ተንጠፍጥፎ ስለማይወጣም አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ሞተሩ ውስጡ ከጠቆረ ዘይቱንና ፊልትሮውን (የዘይት ማጣሪያውን) ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ቀይርለት። ይዘገያል፣ ግን አይገድልም።

የመኪናዬ መጽሐፍ 5ደብሊው-30 ዘይት ይላል። ግፊቱ እንዲጨምር ወፍራሙን 20ደብሊው-50 ሙላ አሉኝ።

ጌጁ ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። ግን ራስ ምታትን በክኒን እንደማስታገስ ነው፤ የተበላው ብሮንዝ አይመለስም። ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ለመድረስ ይዘገያል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ግን ልብ በሉ፦ መለኪያ ዘንጉ ላይ እንደ ማር የሚዝለገለግ ዘይት ካያችሁ «ምን ሊሸፍን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፓምፑ በእርግጥ አርጅቶ ከሆነ ሲቀየር ምን ልጠንቀቅ?

ደረቁን አይገጠም! የብዙዎቹ ፓምፖች ውስጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀለበቶች አሉ፤ የውስጠኛው ከውጪኛው በአንድ ጥርስ ያንሳል፣ ዘይቱም በመካከላቸው እየተሳበ ይገፋል። ደረቅ ከሆኑ አየር ይቀዝፋሉ እንጂ ዘይት አይስቡም። ስለዚህ ፓምፑ ንጹሕ ዘይት ጠጥቶ ይግባ። ከዚያ ሞተሩ እንዳይነሳ ነዳጁ ተቋርጦ፣ መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) እያረፉ ማዞር ነው። እኔ ገና ተለማማጅ ሳለሁ ይህን ዘልዬ አንድ አይሱዙ አስነስቻለሁ። የሰማሁት የብረት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ የብሮንዙም ዋጋ ከደመወዜ ተቆርጧል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

የሞተር ዘይት የለውም፤ አንዳንዱ ለማርሽ ሳጥኑ ትንሽ ፓምፕ አለው። ጥያቄው ግን ለኔ እንጀራ አስጊ ነው!

ጋሼ፣ እኔ ቦሳ ኪቶ ነኝ። መኪናዬ አድራ ጠዋት ሳስነሳት የዘይት መብራቱ ሦስት አራት ሰከንድ ይቆያል፣ ትንሽም ታንኳኳለች። ቀን ላይ ደህና ናት። ከዘይት ቅያሪ በኋላ ነው የጀመራት።

ከቅያሪው በኋላ መጀመሩን መናገርሽ ሥራዬን አቀለለልኝ፣ እህቴ። ፓምፑን ተይው። ደህና ፊልትሮ ውስጥ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው እንዳይመለስ የምትይዝ የጎማ ክዳን አለች። ርካሹ ላይ ክዳኗ ትደርቃለች ወይም ጭራሽ የለችም፤ ሌሊቱን ፊልትሮው ይራቆታል፣ ጠዋት ፓምፑ እንደ አዲስ ይሞላዋል። ጥሩ ፊልትሮ አስቀይሪ፣ የዘይቱንም ልኬት እይ። ካልተስተካከለ አሮጌውን ፊልትሮ ሳትጥዪ ይዘሽው ነይ፣ ቆርጠን እናየዋለን። ሰኞ ከ3 ሰዓት ጀምሮ አለሁ።