ስለ ዳክዬዎቹ መጽሐፍ፣ ለጣፎዋ እናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። የስምንት ዓመት ልጅሽ ከመርካቶ የገዛሽለትን ሽፋን የሌለው የዶናልድ ዳክ መጽሐፍ ለአምስተኛ ጊዜ እያነበበ ነው አልሽ። ስልክ ላይ ስንት አዲስ ካርቱን እያለ ያንኑ አሮጌ መጽሐፍ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። አባቱ «የሕፃን ጨዋታ ነው፣ ከትምህርቱ ያዘናጋዋል» ብሎ ሊወስድበት አስቧል። አንቺ ደግሞ እኛ ሳንወለድ የተሳለ ዳክዬ ምኑ እንደሚስበው ጠየቅሽ።

በመጀመሪያ፣ እባካችሁ አትውሰዱበት። ይህንንም ለአባቱ አንብቢለት።

እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ መደርደሪያ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር ታሪክ መጽሐፍ፣ አስቀምጫለሁ። የሰፈሩ ልጆች እዚያው ቁጭ ብለው በነፃ ያነባሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። መደርደሪያው ግን ከሱቁ በፊት የጀመረ ታሪክ አለው።

ያደግኩት ኮተቤ ነው። ያኔ ኮተቤ የከተማው ጫፍ ነበር፤ ከቤታችን ጀርባ ማሳ ነው። ያሳደገኝ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው። የውጭ አገር ሰዎች ግቢ ውስጥ ዘበኛ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሰዎቹ ጠቅልለው ሲሄዱ ዕቃቸውን ለሠራተኞቹ አከፋፈሉ። አንዱ ብርድ ልብስ ደረሰው፣ አንዷ ድስት። አጎቴ መጥበሻና አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ኮሚኮች ነበሩ። አብዛኞቹ የዳክዬ ናቸው።

አጎቴ እንግሊዝኛ አያነብም። ማታ ማታ ጋቢውን ደርቦ ኩራዙን ያስጠጋና ገጹን ይገልጣል። ከዚያ ከሥዕሉ እያየ በአማርኛ ይተርክልኛል። «ይሄ ሽማግሌ ሀብታም ነው፣ ግን እንቅልፍ የለውም፤ ዓይኑን እየው። ይሄ ደግሞ ምስኪኑ የእህቱ ልጅ ነው፣ ሥራ ፍለጋ መጥቷል። አሁን ይቆጣዋል፣ ተመልከት።» ገጹ ሲገለጥ እውነትም ይቆጣዋል። በኋላ እንግሊዝኛ ስማር እነዚያኑ መጽሐፎች እንደገና አነበብኳቸው። ስሞቹን ስቷል። ነገሩን ግን አልሳተም። አንድም ቃል ሳያነብ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደፈለገ፣ ማን እንዳታለለው አውቆታል። የእነዚህ ሥዕሎች ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

መጽሐፎቹ ላይ የሚታየው የዋልት ዲዝኒ ስም ብቻ ነበር። የሰዓሊዎቹ ስም የለም። እኔ ግን አንዳንዶቹ ታሪኮች ከሌሎቹ እንደሚበልጡ አውቅ ነበር፤ ለብቻቸው ለይቼ ፍራሽ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ። ለካ አሜሪካ ያሉ ልጆችም ያንን እጅ ለይተው፣ ስሙን ሳያውቁ፣ «ጥሩው የዳክዬ ሰዓሊ» ይሉት ኖሯል። ሰውየው ካርል ባርክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ኦሪገን ውስጥ ተወልዶ በገበሬ ቤት አደገ። እንጨት ቆርጧል፣ በቅሎ ነድቷል፣ ማተሚያ ቤት ሠርቷል። በ1935 የካርቱን ሠሪው የዲዝኒ ድርጅት ገባ። በ1942 ለቀቀ፤ ሐሳቡ ዶሮ ማርባት ነበር። ጎን ለጎን የያዘው የዳክዬ ኮሚክ ግን እስከ 1966 አላስለቀቀውም። 500 ገደማ ታሪክ ሠራ። ሀብታሙን አጎት ስክሩጅን በ1947 የፈጠረው እሱ ነው።

ባርክስ የሳለው የሚያውቀውን ኑሮ ነው። ዶናልድ በየታሪኩ አዲስ ሥራ ይጀምራል። መጀመሪያ ይሳካለታል። ትንሽ ይኮራል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይበላሽበታል። ስክሩጅ ጋ ሲቀጠር በሰዓት 30 ሳንቲም ነው የሚከፈለው፣ እሱም ተጨቃጭቆ። የቀን ሥራ ውሎ የገባ አባት ያለው ልጅ ይሄን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

አንዱን ታሪክ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ነው። ዶናልድ አንድ ሙዚየም ውስጥ አቧራ ጠራጊ ነው። ባለ አራት ማዕዘን ድንጋዮች ሲያጸዳ አንዱ ከእጁ ወድቆ ይሰበራል። ድንጋይ አይደለም፤ እንቁላል ነው። አራት ማዕዘን እንቁላል የምትጥል ዶሮ ፍለጋ ከእህቱ ልጆች ጋር እስከ ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራሮች ይሄዳል። በጉም የተሸፈነ ሸለቆ ውስጥ ሁሉ ነገር አራት ማዕዘን የሆነበት አገር ያገኛል። ብዙ ተንገላቶ፣ እነዚያን ዶሮዎች ሁለቱን ይዞ ይመለሳል። ሁለቱም አውራ ዶሮ ናቸው።

ይሄን ታሪክ የመጨረሻውን ገጽ ለአጎቴ የተረጎምኩለት እኔ ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ መሰለኝ። ተራው ዞሮ እኔ ተራኪ፣ እሱ አድማጭ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለና «ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ!» አለ። ዶሮ ያረባ ስለነበር ነገሩ ገብቶታል። ባርክስም ስለ ዶሮ ሲስል የሚያውቀውን ነበር።

ሌላው ነገር ቤተሰቡ ነው። ልጅሽን ጠይቂው፤ በእነዚያ መጽሐፎች ውስጥ እናትና አባት እምብዛም አይታዩም። ዶናልድ የእህቱን ሦስት ልጆች ያሳድጋል። ስክሩጅ ደግሞ የዶናልድ አጎት ነው። ሁሉም አጎትና የእህት ልጅ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ይጣላሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ሲቸግር ግን አብረው ናቸው። የእኛን ሰፈር አስቢው። አጎት ጋ ለትምህርት የመጣ፣ አክስት ያሳደገችው ስንት ልጅ አለ! እኔ ራሴ አንዱ ነኝ። መደርደሪያዬ ጋ ከሚመጡት ልጆች ዳክዬዎቹን አጥብቀው የሚወዱት እንዲህ ያሉት ናቸው። በየመጽሐፉ የሚያዩት እንደነሱ ያለ ቤት ነው።

ለምን ታዲያ ዳክዬ? ለምን ሰው አይሆንም? መልሱ ከእኛው ተረት ውስጥ አለ። እኛ እንስሳትን የምንጠራው በዘመድና በአክብሮት ስም ነው፤ አያ ጅቦ፣ እመት ጦጢት። አያ ጅቦ ሆዳም ነው፣ እመት ጦጢት ብልህ ናት። የጎረቤትሽን ሆዳምነት በስሙ ብታወሪ ጠብ ነው። በአያ ጅቦ ስም ብታወሪ ጎረቤትሽም አብሮሽ ይስቃል፣ ልጁም ነገሩን ይይዛል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ስንቱን ትውልድ ያሳደጉት በዚህ ነው። ዶናልድም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ተሳለ እንጂ ዳክዬ አገር የለውም። ፊንላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የሚወጣ የራሱ መጽሔት አለው። ጣፎ ያለ ልጅ ደግሞ የራሱ ነው ብሎ ይወስደዋል።

ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ በሥዕል መንገርም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳዩትን ሸራዎች ሳታዪ አትቀሪም። ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ናቸው፣ ጽሑፍም አላቸው፣ ከዘንዶው ይጀምራሉ። ባርክስ ብዙውን ጊዜ ገጹን በአራት ረድፍ ስምንት ሳጥን አድርጎ ይከፍለዋል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ፊደል የቆጠረ ልጅ መንገዱን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ስልክ ላይ ያለው ካርቱን በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። መጽሐፉ ልጁን ይጠብቃል። በአንዱ ሳጥን ዶናልድ መሰላል ላይ ነው፣ በሚቀጥለው መሬት ላይ ተዘርሯል። አወዳደቁን ማንም አልሳለውም። ልጁ ራሱ ነው በሐሳቡ የሚሠራው፣ ባነበበ ቁጥር አሻሽሎ። ልጅሽ አምስት ጊዜ የሚያነበው ታሪኩ ጠፍቶት እንዳይመስልሽ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ፎቶ ኮፒው ቆመ፣ ልጆቹ አግዳሚውን ወደ በሩ ጎተቱት። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ስክሩጅ ሳንቲሙ ውስጥ ጠልቆ የሚዋኝበት ገጽ ላይ ደረሰች። ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። መብራት መጣ፣ እሷ አልሰማችም።

ከባርክስ በኋላ ዶን ሮዛ የሚባል ሰዓሊ የስክሩጅን የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1994 በ12 ምዕራፍ ሠራ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ስክሩጅ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ውስጥ ድሃ ልጅ ነው። ሥራው ሊስትሮ ነው። ጭቃ የለበሰ ጫማ በስንት መከራ ያጸዳል። የሚከፈለው አንዲት የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ እዚያ አገር የማትሠራ። ሁለተኛ ላለመታለል ይምላል። ያችን ሳንቲም ዕድሜውን ሙሉ ያስቀምጣታል።

ይሄን ምዕራፍ ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ሊስትሮ ልጅ ሰጠሁት። ሣጥኑን እግሩ ሥር አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዝም ብሎ አየ። አየ። ከዚያ «ብሩሽ አያያዙ ልክ ነው» አለኝ። በማግስቱ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ማንበብ አስተምረኝ አለ፤ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ማወቅ ፈልጎ። አሁን አማርኛ ያነባል፣ እንግሊዝኛውንም እየታገለ ነው።

ስለ ትምህርት ለሚጨነቀው አባት ይሄን ልጨምር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ኮሚኬን ከደብተሬ መሐል አግኝቶ ክፍል ፊት ቀደደው። እስከ ዛሬ ያመኛል። ውርስ፣ ዕዳ፣ ካርታ፣ ውል፣ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ያገኘሁት ከዚያ መጽሐፍ ነበር። አንዳንዶቹ ለፈተና መጥተውልኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ከድሮዎቹ ታሪኮች በአንዳንዶቹ ጥቁር ሰዎች የተሳሉት በሚያሳፍር መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣ አንድ የዶናልድ ታሪክ ውስጥ አፍሪካውያንን አይቼ ልቤ ተሰብሯል፣ የምወደው ሰዓሊ ነውና። እንዲህ ያለ ገጽ ሲያጋጥም መጽሐፉን አልደብቅም። ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ «እኛ እንዲህ ነን?» ብዬ እጠይቃለሁ። በደንብ ነው የሚመልሱት። አንቺም ከልጅሽ ጋር አብረሽ አንብቢ።

ሌላ ስትገዢለት መሐሉን ገልጠሽ እዪ። አሮጌዎቹ መሐላቸው ስቴፕል ስለሆነ መካከለኛው ወረቀት ይወድቃል፣ የመጨረሻው ገጽም ይጎድላል። መጨረሻ የሌለው ታሪክ ልጅን ያበሳጨዋል። ካነበበ በኋላ እንደ ፈተና አትጠይቁት። አባቱ ማታ ከሥራ ሲገባ «እስቲ ዛሬ ዳክዬው ምን ሆነ?» ይበለው እንጂ፣ ልጁ ራሱ ከሥዕሉ እያሳየ ይተርክለት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሱቅ አለሁ። ከጣፎ ሩቅ አይደለም፣ ይዘሽው ነይ። የሊስትሮውን ምዕራፍ አወጣለታለሁ። የራሱን መጽሐፍም እንዳይረሳ። ያው እትም እኔ ጋ ካለ ሽፋኑን በቀለም ኮፒ አድርጌ እለጥፍለታለሁ።