የፈጣን ባቡር ትኬት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከፓሪስ ማርሴይ ልሄድ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ይረክሳል የሚሉኝ አሉ፤ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቅ። የቴዤቬ (የፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር) ዋጋ እንደ አውሮፕላን ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው መቀመጫ የተወሰነ ነው፣ እሱ ካለቀ ቀጣዩ ዋጋ ይመጣል። ሽያጭ እንደተከፈተ ቁረጥ። ዓርብ ማታና እሑድ ከሰዓት ውድ ናቸው፤ ያንኑ መንገድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሞክረው። ከዚህም የሚረክሰው ዊጎ የሚባለው ርካሽ ፈጣን ባቡር ነው፣ ግን ሻንጣህን ለካ። በነጻ የምትይዘው 55 በ35 በ25 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ሻንጣና አንድ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ነው። ትርፍ ካለህ ትኬቱን ስትቆርጥ አብረህ ክፈል፤ ባቡሩ ጋ ከደረስክ በኋላ ይወደዳል።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። የፈረንሳዩ የቅናሽ ካርድ ያዋጣኛል?

መልስ፦ የወጣቶቹ ካርት አቫንታዥ በዓመት 49 ዩሮ ነው፣ ቅናሹ 30 በመቶ። 49ን ለ0.30 ስታካፍዪው 163 ይመጣል። በዓመት ከ163 ዩሮ በላይ ትኬት የምትገዢ ከሆነ ግዢው፣ ካልሆነ ተዪው።

ጥያቄ፦ ከሃምቡርግ በፍራንክፈርት አድርጌ ፓሪስ ልሄድ ነው። ለየብቻ ሁለት ትኬት ብቆርጥ 15 ዩሮ ይተርፈኛል። መቀየሪያው 14 ደቂቃ ነው።

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። የጀርመን ርካሽ ትኬት (ሽፓርፕራይስ) ከተጻፈበት ባቡር ጋር የታሰረ ነው። መንገዱ በአንድ ትኬት ከተቆረጠና መድረሻዎ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ መዘግየት የሚጠበቅ ከሆነ እስሩ ይነሳል፣ በሌላ ባቡር ይሳፈራሉ። ሁለት ትኬት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ የፓሪሱን ትኬት በዕለቱ ዋጋ እንደገና ሊገዙ ነው። 15 ዩሮው የት ገባ? የግድ ለየብቻ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍተት ይተዉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ይመለሳል፤ ግን ራስዎ ካልጠየቁ የሚሰጥዎ የለም፣ ትኬቱን አይጣሉት።

ጥያቄ፦ ልጆችስ?

መልስ፦ በጀርመን ከ6 ዓመት በታች በነጻ ነው። ከ6 እስከ 14 ያሉትም ከአዋቂ ጋር በነጻ ይሄዳሉ፣ ግን ትኬቱ ሲቆረጥ መመዝገብ አለባቸው። መቀመጫ ማስያዝ ለብቻው ይከፈላል።

ጥያቄ፦ ጃፓን ስሄድ የ7 ቀን የባቡር ፓስ (አንዴ ተከፍሎበት በተደጋጋሚ የሚያሳፍር ትኬት) ልግዛ? ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሼ እመለሳለሁ።

መልስ፦ ለዚህ ብቻ ከሆነ አያዋጣም። ድሮ ሁሉም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ግን ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘለለ። የአንተ ደርሶ መልስ ወደ 28,000 የን ነው። በዚያ ላይ ኖዞሚ የሚባለው ፈጣኑ ባቡር ያለ ተጨማሪ ክፍያ በፓሱ አይፈቀድም። ሻንጣህ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሳንቲሜትር ካለፈ የሻንጣ ቦታ ያለውን መቀመጫ አስቀድመህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ማድሪድ–ባርሴሎና?

መልስ፦ ሬንፌ፣ ዊጎና ኢርዮ የሚባሉ ሦስት የባቡር ድርጅቶች ይሻማሉ፤ የሦስቱንም ዋጋ አወዳድሪ። መግቢያው ላይ ሻንጣ በኤክስሬይ ስለሚፈተሽ 30 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ድረሺ።