ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የጥርሴ ሥር ሙሌት በአዲሱ ይቀየር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከስድስት ወር በፊት የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ የሥር ሕክምና ተደርጎለት በጉታ ፐርቻ ተሞላ። ላዩን በጊዜያዊ ሙሌት ዘግተው ተመለስ አሉኝ፤ ስላላመመኝ አልሄድኩም። በቅርቡ ድዴ ላይ ትንሽ ብጉር ወጣችና ፈረጠች፤ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ወሰድኩ፣ ተሻለኝ። ባዮሴራሚክ የሚባለው ማሸጊያ ከሌላው የበለጠ ያሽጋል ሲባል አነበብኩ። ይቀየርልኝ?

መልስ፦ የፈሩት ጥርሴ በማይረባ ዕቃ ተሞልቶ ሊነቀል ይሆን ብለው ይመስለኛል። በዕቃው በኩል ይረጋጉ። ጉታ ፐርቻ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የምንሠራበት፣ ከዛፍ ፈሳሽ የሚገኝ ጎማ መሰል ነገር ነው። ብቻውን ጥርስ ላይ አይጣበቅም፤ ክፍተቱን የሚደፍነው አብሮት የሚገባው ሲለር የሚባለው ማሸጊያ ነው። በዚንክ ኦክሳይድ የሚሠራው የቆየው ሲለር ፈሳሽ ካገኘው ቀስ በቀስ ይሟሟል። ከኤፖክሲ ሬዚን የሚሠራው ሲለር ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅ ግን በጥቂቱ ይኮማተራል። ባዮሴራሚኩ የጥርሱን እርጥበት ስቦ ይጠነክራል፤ ሐኪም በኋላ ላውጣው ቢል ግን ያታግለዋል።

“የበለጠ ያሽጋል” የሚባለው በአብዛኛው የተነቀለ ጥርስ ቀለም ውስጥ ተነክሮ፣ ቀለሙ ምን ያህል እንደሰረገ ተለክቶ ነው። ልኬቱ ጥርሱ ሰው አፍ ውስጥ ይድን እንደሆን ስለማይናገር፣ የጥርስ ሥር ሕክምና መጽሔት የሆነው ጆርናል ኦፍ ኢንዶዶንቲክስ በ2007 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ጥናቶችን እንደማይቀበል አስታወቀ። ታካሚዎች ላይ ሲታይ የኤፖክሲውና የባዮሴራሚኩ ውጤት ተቀራራቢ ነው።

እኔን ያሳሰበችኝ ብጉሯ ናት። ፈርጣ ሕመሙ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ዳንኩ ይላል። አልዳኑም! ከሥሩ ጫፍ የተጠራቀመው መግል አጥንቱን ሰርስሮ መውጫ አበጀ ማለት ነው፤ ሕመሙ የቀለለው ግፊቱ ስለተነፈሰ ብቻ ነው። ቀዳዳዋ ትዘጋለች፣ እንደገና ታብጣለች፣ አንድ ጠዋት አፍዎን መጥፎ ጣዕም ይሞላዋል፣ ከዚያ ደግሞ ጸጥ። ይህ ለዓመታት ሊመላለስ ይችላል፤ አጥንቱ ግን እያለቀ ነው። እኛ በዚያች ቀዳዳ ቀጭን የጉታ ፐርቻ ዘንግ አስገብተን ራጅ እናነሳለን፤ ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥፋተኛው ሥር ይመራናል። ሐኪምዎ ይህን ሲያደርግ አይደንግጡ፣ እምብዛም አያምም።

አሞክሳሲሊኑን በተመለከተ ልቆጣዎት ነው። ሥሩ ውስጥ ደም የሚዘዋወርበት ሕይወት ያለው ሥጋ የለም፤ ታዲያ ክኒኑ በየት በኩል ይገባል? ከእንግዲህ በራስዎ ገዝተው እንዳይወስዱ። ጊዜያዊ ሙሌትም ሳምንታትን ለማሻገር የተሠራ ነው እንጂ ለስድስት ወር አይደለም። ምራቅ ከላይ እየሰረገ ከገባ፣ ከታች የተሞላው የትኛውም ዓይነት ቢሆን ባክቴሪያውን ለዘለቄታው አያግደውም።

ይህ ማለት ይነቀላል ማለት አይደለም። ሥሩ ካልተሰነጠቀና በቂ የጥርስ አካል ከቀረ፣ አሮጌው ሙሌት ወጥቶ፣ ታጥቦ እንደገና ሊሞላ ይችላል፤ ብዙዎቹ ይድናሉ። ሐኪሙን ስለ ሲለሩ ስም ከመጠየቅ ይልቅ ጥርሱን በጎማ ሽፋን ከምራቅ ለይቶ ይሠራ እንደሆነ፣ ቋሚው ሙሌት ወይም ክራውኑ (ጥርሱን የሚሸፍነው ቆብ) በየትኛው ቀን እንደሚገባ ይጠይቁት።

በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ከአገጭ ሥር ወይም አንገት ላይ እብጠት ከታየ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። የስድስት ወሩን ራጅ ካገኙት ይዘውት ይሂዱ፤ ከአዲሱ ጋር ሲተያይ አጥንቱ ምን ያህል እንደተጎዳ ይለያል።