«ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ ሲዘጋ፦ ኮርስ ለምታዘጋጁ ወጣቶች

ባለፈው ሳምንት የኢለርኒንግ (በኮምፒውተር የሚሰጥ ሥልጠና) ኮርስ ማዘጋጀት የጀመረች ወጣት ጥያቄ ላከችልኝ። ስቶሪላይን በተባለው የኮርስ ማዘጋጃ ሶፍትዌር በሠራችው አንድ ስላይድ ላይ «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ ለአንዳንድ ሠልጣኞች ይከፈታል፣ ለሌሎቹ ግን ደብዝዞ ይቀራል። እሷ ስትሞክረው ሁልጊዜ ይሠራል። መልእክቷን የጨረሰችው «ምናልባት በደንብ ስለማይከታተሉ ይሆን?» ብላ ነው። ያቺን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዓመታት በፊት እኔም ይህንኑ ብያለሁና።

ያኔ ለአንድ ድርጅት ሠራተኞች የሥራ ቦታ ደኅንነት ኮርስ እያዘጋጀሁ ነበር። ከስላይዶቹ አንዱ አምስት ቁልፎች ነበሩት። እያንዳንዱ ሲነካ የአንድ የሥራ ክፍልን ጥንቃቄ የሚያብራራ ሌየር (በስላይዱ ላይ ተደርቦ የሚወጣ ገጽ) ይከፈታል፤ አምስተኛው ስለ መጋዘን ነበር። አምስቱም እስኪታዩ ድረስ «ቀጣይ» ዝግ ነው። ኮርሱ የሚጠናቀቅበት ቀን ተቆርጧል። አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ «አምስቱንም አንብቤያለሁ፣ ግን አላሳልፍ አለኝ» ብላ ጻፈች። ከፈትኩና ሞከርኩት፤ ከአንድ እስከ አምስት በተራ ነካሁ፣ «ቀጣይ» ተከፈተ። «እባክዎ ሁሉንም ክፍሎች በጥንቃቄ ይከታተሉ» ብዬ መለስኩላት። በማግስቱ ደግማ ጻፈች፤ ያንኑ መልስ ቀድቼ ላክሁላት። በሦስተኛው መልእክቷ ስክሪኑን በስልኳ አንስታ ፎቶውን አያይዛ ነበር። አልከፈትኩትም። ቀኑ አለፈ፤ በመዝገቡ ላይ ከስሟ ትይዩ «አላጠናቀቀችም» ተብሎ ቀረ።

ከአራት ወር በኋላ ያንን ስላይድ ለሌላ ኮርስ ልገለብጠው ስል ትሪገሮቹን («ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» የሚሉትን ትእዛዞች) አንድ በአንድ አየኋቸው። «አምስቱም ታይተው ከሆነ ቀጣይን ክፈት» የሚለውን ትሪገር ያሰርኩት አምስተኛው ቁልፍ ላይ ብቻ ኖሯል! ምርመራው የሚካሄደው አምስተኛው ቁልፍ በተነካበት ቅጽበት ብቻ ነው ማለት ነው። በተራ ለሄደ ሰው አምስተኛው የመጨረሻው ስለሆነ ችግር የለም። አምስተኛውን ላስቀደመ ሰው ግን በዚያች ቅጽበት አራቱ ገና አልታዩም፤ ቁልፉ አይከፈትም። ከዚያ በኋላ አራቱንም ቢያይ ፕሮግራሙ ዳግመኛ አይጠይቅለትም። የመጋዘን ሠራተኛ ከየትኛው ትጀምራለች? ከራሷ ሥራ ነዋ። የተዘጋባት ከሁሉ የሚጠቅማትን አስቀድማ በመምረጧ ነው።

ፎቶውን የከፈትኩት የዚያን ዕለት ነው። አምስቱም ቁልፎች «ታይቷል» የሚለውን ስቴት (የቁልፉን ሁኔታ የሚያሳየውን መልክ) ይዘዋል፤ «ቀጣይ» ደብዝዟል። ማስረጃው አራት ወር ሙሉ ኢሜይሌ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ትሪገሩን ከጠቅታ አላቅቄ የአምስቱም ስቴት «ታይቷል» ሲሆን እንዲነሳ አደረግሁት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለእሷ ግን አልጻፍኩላትም። አፈርኩ። ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ፣ አሁን አድራሻዋም የለኝም።

ኮርሶችን ፍላሽ በተባለው የአዶቢ ሶፍትዌር በምንሠራበት ዘመን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ፍሬሙ ላይ «ስቶፕ» (ቁም) የምትለዋን የአክሽንስክሪፕት (የፍላሽ ኮድ) መስመር ከረሳን ስላይዱ ማንም ሳይነካው እየሮጠ ያልፋል፤ ሠልጣኙ አንብቦ አይጨርስም። አዶቢ የፍላሽን ማጫወቻ መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮም ይዘቱ በማጫወቻው እንዳይከፈት ታገደ። ብዙ ድካማችን አብሮት ሄደ። ካፕቲቬት የተባለውን የኮርስ ማዘጋጃ የምትጠቀሙም ይህን ሩጫ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ስላይዱን የሚያቆመው ታይምላይኑ (የስላይዱ የጊዜ መስመር) ላይ ያለው የቁልፉ ማቆሚያ ነጥብ ነው።

የዛሬ ወጣቶች ፈጣኖች ናችሁ፣ ከኛ በተለየም መጠየቅ አታፍሩም፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። አንድ ነገራችሁ ግን ያሳስበኛል፦ ስላይድ እምቢ ሲላችሁ ደምስሳችሁ ከባዶ ትሠራላችሁ። ይሠራና ደስ ይላችኋል፣ ለምን እንደተበላሸ ግን ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ያው ስህተት በሌላ ኮርስ ተመልሶ ይመጣል። ፋይላችሁን ቅጂ ያዙ፣ ሶፍትዌሩን አድሱ እያልኩ አላሰለቻችሁም።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። በቫሪያብል (የሚለዋወጥ መረጃ በሚይዝ ማስቀመጫ) የሚመራ ቁልፍ ካለ የቫሪያብሉን ዋጋ ለጊዜው እዚያው ስላይዱ ላይ በጽሑፍ እንዲታይ አደርጋለሁ፤ ስነካካ ሲለወጥ ወይም ሳይለወጥ ሲቀር በዓይኔ አየዋለሁ። ትሪገሮች ከላይ ወደ ታች በተራ ነው የሚፈጸሙት፤ ወደ ሌላ ስላይድ የሚያሻግረው ከላይ ተቀምጦ ቫሪያብሉን የሚለውጠው ከታች ከሆነ፣ ሠልጣኙ ተሻግሮ የታችኛው ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሶ የመጣ ሰው ከተዘጋበት ደግሞ ስላይዱ በድጋሚ ሲጎበኝ የነበረበትን ሁኔታ ይይዛል ወይስ ከመጀመሪያው ይጀምራል የሚለውን ምርጫ አያለሁ። ረጅም ኮርስ ላይ ሠልጣኙ ያቆመበት ቦታ ከጠፋ ጥፋቱ የቁልፉ ላይሆን ይችላል፤ ኮርሱን ከሥልጠና መከታተያው ሥርዓት ጋር የሚያገናኘው መስፈርት፣ ስኮርም 1.2፣ ያንን መረጃ ለማስቀመጥ የሚፈቅደው 4096 ፊደላት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «ቀጣይ»ን ባትዘጉት እመርጣለሁ። አዋቂን ሰው በር ዘግቶ ማስነበብ አይቻልም፤ ሰዓቱ እስኪደርስ ሌላ ነገር እየሠራ ይጠብቃል እንጂ አያነብም። በእርግጥ እኔ ራሴ ከፈተና በፊት ያለውን ስላይድ እስከ ዛሬ እዘጋለሁ፤ የደኅንነት ኮርስ ሲሆን ደግሞ መተው አልሆነልኝም። ከዘጋችሁ ግን ከኋላ ወደ ፊት እየነካችሁ ሞክሩት፣ ከመሐልም ጀምሩ። የሠራው ሰው መንገዱን ስለሚያውቅ ሁልጊዜ በተራ ነው የሚነካው፤ ስለዚህ ስላይዱን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጡና ዝም ብላችሁ እጁን ተመልከቱ።

አንቺ ጥያቄውን የላክሽልኝ ልጅ፣ ፋይሉን አሁን አትላኪልኝ። ከተዘጋባቸው ሠልጣኞች ለአንዱ ደውዪና መጀመሪያ የነካው የትኛውን ቁልፍ እንደሆነ ጠይቂው። ፎቶ ከላከልሽም ዛሬውኑ ክፈቺው።