«መንገድ መቁጠር እንጀራ አይሆንም» ለተባለችው ተማሪ

እህቴ፣ የከተማ ፕላን አራተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች መንገዶች እንዴት እንደሚገናኙ ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አጎትሽ ግን «መንገድ መቁጠር እንጀራ አይሆንም፣ ሪል ስቴት ሽያጭ ላስገባሽ» ብለዋል። የታናናሾችሽ ትምህርት ወጪም ካሁኑ አንቺን ይጠብቃል።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ክፍለ ከተማ ፕላን ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ይህን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

መርካቶን እይው። በጣሊያን ጊዜ የተዘረጋው ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ ዛሬም አለ። ሱቁ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፣ መንገዱ ግን አልተነቃነቀም። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ትዞሪያለሽ። ወደ ዳር ስትወጪ፣ አያትም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ብዙው ሰፈር ለየብቻው ነው የተሠራው። የታጠሩት ግቢዎች ደግሞ ይብሳሉ። የጎረቤት ቤት ከአጥሩ ማዶ እየታየሽ ዋናው አስፋልት ድረስ ዞረሽ ትሄጃለሽ። ሁሉም እዚያ አንድ አስፋልት ላይ ስለሚወጣ ታክሲው ይቆማል፣ እግረኛው ይደክማል። ቀለበት መንገዱም መኪናውን ቢያፈጥን ግራና ቀኙን ሰፈር ለያይቷል።

የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ድርጅት፣ ዩኤን ሀቢታት፣ ከከተማው መሬት ቢያንስ 30 በመቶው ለመንገድ እንዲተው፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ይመክራል። ይህ ከመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ካልገባ፣ በኋላ አይመጣም። ቤቱ ከተሠራ፣ የይዞታ ካርታው ከተሰጠ፣ አንዲት መተላለፊያ ለመክፈት ማፍረስና ካሳ መክፈል ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም፣ ሐዋሳም ባሕር ዳርም እየሰፉ ነው።

አጎትሽን በአክብሮት ልቃወማቸው። የቤት ሽያጭ ኮሚሽን የሚገኘው ገበያው ሲሞቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። የመንግሥት ደሞዝ ትንሽ መሆኑን አልደብቅሽም፣ ለብቻ ቤት መከራየት ይከብድሻል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከቤተሰብ ጋር ኑሪ። ግን ሳትመረቂ የቤቱን ወጪ ባንቺ ላይ መደልደላቸው ልክ አይደለም። ይህን ራስሽ ንገሪያቸው።

ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መተንተን) አልችልም ላልሽው፣ ኪውጂአይኤስ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ማንም በነፃ ከሚያገኘው የኢንተርኔት ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ፣ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ሰፈር አውርጂ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን የእግር መንገድ ከቀጥታው ርቀት ጋር አወዳድሪ። ጽሑፍሽ ከዚሁ ይጀምራል።

የጠየቅሽኝን የውጭ ስኮላርሺፕ ደግሞ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ አስቢው።