መልስ፦ የዓሣ አጥንት ለሰው አጥንት መጠገኛ ይሆናል?

ሰላም እህቴ። ከጎርጎራ ጎንደር የሚመጣው ዓሣ ተበልቶ የሚጣለው አጥንት ለሰው አጥንት መጠገኛ ይሆናል ወይ፣ ኮራልም ለዚህ ይውላል የሚሉትስ እውነት ነው ወይ ብለሽ ለምርምር ፕሮፖዛልሽ ጠይቀሻል። ሁለቱም እውነት ነው።

ከኮራሉ ልጀምር፣ እሱ ይገርማል። ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፤ አፅሙ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቁም ነገሩ ግን ቀዳዳው ላይ ነው። ፖራይትስ የሚባለው ዝርያ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። የደም ሥርና አዲስ አጥንት በዚያ ሰርስሮ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሮይና ሊነሃን የሚባሉ ተመራማሪዎች ኮራሉን ከፎስፌት ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አብስለው፣ ቀዳዳው ሳይበላሽ ሃይድሮክሲአፓታይት ወደሚባል የካልሲየምና ፎስፌት ማዕድን ቀየሩት። የራሳችን አጥንት ዋና ማዕድን ከዚሁ ዓይነት ነው።

ዓሣው ይቀልላል፤ ይህ ማዕድን አስቀድሞ አጥንቱ ውስጥ አለ። የቆሮሶ ወይም የአምባዛ አጥንት ይቀቀላል፣ ሥጋው ተፍቆ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ በላብራቶሪ ምድጃ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቃጠላል። መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ግራጫ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ይሆናል። ጥቁር ነገር ከታየሽ ካርቦን ቀርቶበታል፤ ወደ ምድጃው መልሺው። (ደግሞ ጣና ጨዋማ አይደለም፤ ፕሮፖዛልሽ ላይ "የባሕር ምንጭ" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ገምጋሚ ይይዝሻል።)

የተቃጠለ አጥንት ተሰባሪ ነው። ክፍተት ይሞላል እንጂ ክብደት ለሚሸከም የጭን አጥንት ብቻውን አይሆንም። አጥንቱ ተፈጭቶ የሚወጣውን ዱቄት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የማዕድኑን ዓይነት በኤክስሬይ በሚለይ መሣሪያ) ካላስመረመርሽ ደግሞ ምን እንደያዝሽ አታውቂም። ስለዚህ ምድጃ ሳትለኩሺ መሣሪያው ያለበትን ላብራቶሪ ፈልጊ።