የሟች ስልክ ተቆልፎ ሲቀር፦ «እከፍተዋለሁ» ላለሽ ሰው ከመስጠትሽ በፊት

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ካረፈ ጥቂት ሳምንታት ሆነው። ስልኩ ሳምሰንግ ነው፤ በፓተርን ተቆልፏል። እናታችን ፎቶዎቹን ትፈልጋለች። አንድ ስልክ ጠጋኝ «አምጪው፣ እከፍተዋለሁ» ብሎኛል። ግን ከጓደኞቹ ጋር የተጻጻፈውን ማንም እንዲያይበት አልፈልግም፤ እኔም ጭምር። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጽናናቱን ይስጣችሁ።

ለጊዜው ስልኩን ለማንም አትስጪ። እኔም የምበላው ከዚሁ ሥራ ነውና የሙያ ባልደረባዬን ለማማት አይደለም። እኛ ብዙ ጊዜ «እንከፍተዋለን» የምንለው ስልኩ እንደገና እንዲሠራ እናደርጋለን ለማለት ነው። ፍላሽ (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን) ወይም ሪሴት (እንደ አዲስ ስልክ ባዶ ማድረግ) ይደረጋል። ፓተርኑ ይጠፋል፣ ፎቶውም አብሮ ይሄዳል። አንቺ የምትፈልጊው ውስጡን፣ የምንመልስልሽ ቀፎውን። ለዚያውም ሲነሳ የወንድምሽን የጉግል አካውንት ይጠይቅሻል። ስለዚህ ለጠጋኙ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቢለት፦ «ውስጡ ያለው ሳይጠፋ ነው?» ከተንተባተበ ስልኩን ይዘሽ ውጪ።

«ሜሞሪውን ነቅለን እናነበዋለን» የሚልም አይጠፋም። የድሮ ስልክ ላይ ይሠራ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ዳታውን ኢንክሪፕት ያደርጉታል፤ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ያመሰጥሩታል። ቁልፉ የሚሠራው ፓተርኑና እዚያው ስልክ ውስጥ ያለው ቺፕ ሲገናኙ ነው። ሜሞሪው ብቻውን ቢነቀል ትርጉም የሌለው ዝባዝንኬ ነው የሚሰጥሽ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤፍቢአይ እንኳ የአንድ ሟች አይፎን አልከፈት ብሎት ከአፕል ጋር ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በመጨረሻ የከፈተለትም ሌላ ወገን ነው።

ፓተርኑን በግምት መሞከሩንም ተዪው። በተሳሳትሽ ቁጥር የመጠበቂያው ጊዜ ይረዝማል። አንዳንዱ ስልክ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ቀድሞ አብርቶት ከሆነ፣ ስህተቱ ሲበዛ ሁሉንም ይሰርዘዋል።

አሁን ወደ ፎቶው። መጀመሪያ የሲሙን ትሪ አውጥተሽ ተመልከቺ። ብዙ የሳምሰንግ ሞዴሎች ሜሞሪ ካርድ ይቀበላሉ፤ ካርዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይቆለፍም። ካለ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ «ዲሲአይኤም» (DCIM) የሚለውን ፎልደር ክፈቺ። በካሜራ ያነሳቸው ካርዱ ላይ እንዲቀመጡ አድርጎ ከሆነ እዚያ ታገኛቸዋለሽ። ይሄን መንገድ የምወደው ፎቶውን ሰጥቶሽ መልእክቱን ስለማያሳይሽ ነው።

ካርድ ከሌለ ይጠቀምበት የነበረ ላፕቶፕ ፈልጊ። ብሮውዘሩ ላይ አካውንቱ ክፍት ከሆነና ባክአፕ ካበራ፣ ፎቶዎቹ ጉግል ፎቶስ ላይ ይኖራሉ። ቀጥታ እዚያ ገብተሽ አውርጂ። ጂሜይሉ አጠገቡ ነው፣ እጅሽ እንዳይሄድ።

ያም ካልሆነ ጉግል ለሟች ቤተሰብ ያዘጋጀው የማመልከቻ ቅጽ አለ። የሞት ማስረጃና መታወቂያ ያስፈልጋል። ፓስዎርድ አይሰጡም፤ ጉዳዩን አይተው አንዳንዴ ይዘቱን ይሰጣሉ። ይዘገያል፣ ግን ቀን አታሳልፊ፤ ለ2 ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰረዝ ይችላል።

ሲም ካርዱስ? እንዳይዘጋ አድርጊው። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ፣ የወንድምሽ አካውንቶች የሚልኩት ኮድ ለማታውቂው ሰው ሊደርስ ነው። «ታዲያ እኔስ በዚያ ኮድ ፓስዎርዱን ብቀይረው?» ትዪኝ ይሆናል። አንዳንዴ ይሠራል። ግን ፎቶ ፍለጋ የገባሽበት በር ኢሜይሉን፣ ቴሌግራሙን፣ ሁሉንም በአንዴ ይከፍተዋል። ያልሽኝን ካሰብኩ ይሄ ላንቺ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት፣ ወላጆች የሞተች ልጃቸውን የፌስቡክ አካውንት እንደ ደብዳቤና ማስታወሻ ደብተር ይወርሳሉ ብሎ ወስኗል። በሕግ ረገድ ሊያስኬድ ይችላል። እኔ ግን መልእክት ሁለት ባለቤት አለው ባይ ነኝ። ጓደኞቹ የጻፉት ለእሱ እንጂ ለቤተሰቡ አይደለም፤ እነሱ ደግሞ በሕይወት አሉ። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ቤተሰቡ አጠገቤ ቆሞ፣ ስክሪኑን እያየ ነው የምሠራው። ፎቶውን ፍላሽ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ፤ ኮፒ እኔ ጋ አይቀርም። አንቺም የትም ብትሄጂ ይህንኑ ጠይቂ። «ጥለሽው ሂጂ፣ ነገ ነይ» ካለሽ ግን ይቅርብሽ።

ፎቶው ከተገኘ በኋላ ስልኩን አጥፍተሽ አስቀምጪው። ልትሸጪው ካሰብሽ ግን ሪሴት ሳይደረግና ካርዱ ሳይወጣ ከእጅሽ አይውጣ።

የራስሽን ደግሞ ዛሬውኑ አስተካክዪ። ጉግል አካውንትሽ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሳትጠቀሚበት ከቆየሽ ምን ይደረግ የሚል ምርጫ አለ። ጊዜውን ከ3 እስከ 18 ወር ትወስኛለሽ፤ እስከ 10 ሰው ትመርጫለሽ። ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን የምትለዪው አንቺ ነሽ፤ ለእናትሽ ፎቶውን ብቻ፣ ጂሜይሉ ግን ለማንም አይሰጥ ማለት ትችያለሽ። አይፎን የያዘ ደግሞ እስከ 5 ወራሽ መመዝገብ ይችላል። ወራሹ ሲመዘገብ የሚደርሰውን ቁልፍ (የመክፈቻ ኮድ) እና የሞት ማስረጃውን ካቀረበ ፎቶውን ያገኛል። ግን ልብ በዪ፣ እዚያ መልእክቱም አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የምትመዘግቢውን ሰው አስቢበት።